የመሥሪያ ቤት ኮምፒውተሮች አፕዴትና አፕግሬድ

የግል ኮምፒውተር አፕዴት የሚያደርገው በራሱ ጊዜ ነው። የመሥሪያ ቤት ኮምፒውተር ግን እንደዚያ አይደለም። ምን ይጫን፣ መቼ ይጫን፣ ማን ይቅደም የሚለውን የሚወስነው የአይቲ ክፍሉ ነው። አምስት መቶ ላፕቶፕ በአንድ ጠዋት ቢበላሽ የሚጠየቀውም እሱ ነው።

ሁለቱ ቃላት ይምታታሉ። አፕዴት ያለውን ስሪት መጠገን ነው፤ የደኅንነት ቀዳዳ መድፈን፣ ስህተት ማረም። ፓች የሚሉትም ለዚህ ነው፣ ትርጉሙ መጣፊያ ነውና። አፕግሬድ ደግሞ ልብሱን ራሱን መቀየር ነው፤ ለምሳሌ ከዊንዶውስ 10 ወደ ዊንዶውስ 11 መሸጋገር። የመጀመሪያው በየወሩ የሚመጣ ሥራ ነው። ሁለተኛው በየጥቂት ዓመቱ የሚመጣ ራስ ምታት ነው።

ማይክሮሶፍት ከኦክቶበር 2003 ጀምሮ (ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) የደኅንነት ፓቾቹን የሚያወጣው በየወሩ ሁለተኛው ማክሰኞ ላይ ነው። ባለሙያዎች ቀኑን ፓች ማክሰኞ ይሉታል። ከዚያ በፊት ፓች የሚመጣው በዘፈቀደ ስለነበር ማንም እቅድ ማውጣት አይችልም ነበር። ቀኑ መታወቁ ግን ኮምፒውተር ሰብሮ ለሚገባው ሌባም ጠቅሞታል። ፓቹ በወጣ ማግሥት አሮጌውንና አዲሱን ፋይል አስተያይቶ የተደፈነው ቀዳዳ የት እንደነበር ይደርስበታል። ከዚያ ገና ያልደፈኑትን ይፈልጋል። ስለዚህ ማክሰኞ ማታ ሰዓቱ መቁጠር ይጀምራል።

የመዘግየት ዋጋ በደንብ የታየው በ2017 ነው። ዋናክራይ የተባለው ቫይረስ ሜይ 12 ቀን ተነስቶ በ150 ገደማ አገሮች ያሉ ኮምፒውተሮችን ቆለፈ። የእንግሊዝ የመንግሥት ሆስፒታሎች በሺዎች የሚቆጠሩ ቀጠሮዎችን ሰረዙ። የሚያሳዝነው፣ ቀዳዳውን የሚደፍነው ፓች የወጣው ማርች 14 ነበር። ሁለት ወር ገደማ ሙሉ ተቀምጦ ይጠብቃል፣ የጫነው ጠፋ እንጂ። ሳይቃጠል በቅጠል የሚባለው ለዚህ ነበር።

ታዲያ እንደወጣ ለሁሉም መጫን ነው? እሱም አያዋጣም። በኦክቶበር 2018 የወጣው የዊንዶውስ 10 አፕግሬድ የአንዳንድ ተጠቃሚዎችን ፋይል እየሰረዘ በማስቸገሩ ማይክሮሶፍት ሥርጭቱን አቁሞ፣ አርሞ በኖቬምበር መልሶ አወጣው። በጁላይ 19 ቀን 2024 ደግሞ ክራውድስትራይክ የተባለው የደኅንነት ድርጅት የላከው አንዲት ፋይል 8.5 ሚሊዮን የዊንዶውስ ማሽኖችን ሰማያዊው የብልሽት ስክሪን ላይ አስቀረች። እርግጥ ያ የኦፕሬቲንግ ሲስተም አፕዴት አልነበረም። ትምህርቱ ግን ያው ነው፦ ፋይሏ ለሁሉም በአንዴ ሄደች። ብዙዎቹ ማሽኖች ከርቀት ሊጠገኑ ስላልቻሉ ባለሙያዎች ከጠረጴዛ ጠረጴዛ እየዞሩ በእጅ አስተካከሉ። ዲስኩ ቢትሎከር በተባለው የዊንዶውስ መቆለፊያ የተቆለፈ ከሆነ ደግሞ የመክፈቻ ቁልፉ 48 አሃዝ ነው። ስድስት ስድስት ሆኖ፣ ስምንት ቦታ። ይህን በስልክ ለደነገጠ ሠራተኛ ማንበብን አስቡት። አንድ ቁጥር ከተሳሳተ እንደገና። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ።

በሁለቱ መሃል የሚሄደው መንገድ በዙር መጫን ነው። አፕዴቱ መጀመሪያ የአይቲ ክፍሉ ራሱ ላይ ይጫናል፤ ቢበላሽም በራሳቸው ነው። ጥቂት ቀን ታይቶ ከየክፍሉ ለተመረጡ ጥቂት ሰዎች ይሄዳል። ከዚያ ለብዙኃኑ። የአመራሩና የወሳኝ ሰርቨሮች ተራ አብዛኛውን ጊዜ መጨረሻ ላይ ነው። ብዙ ቦታ የሚታየው ስህተት ለሁለተኛው ዙር ኮምፒውተር የሚወዱ ሰዎችን ብቻ መምረጥ ነው። እኔ ብሆን ከሒሳብ ክፍል አሮጌ ፕሪንተርና አሮጌ ሶፍትዌር ያላትን ሴትዮ አስቀድማለሁ። ችግር ካለ ቀድሞ የሚጮኸው የእሷ ማሽን ነው። በ2021 ፕሪንትናይትሜር የተባለውን ቀዳዳ ለመድፈን የወጡት ፓቾች ያመሱት ይህንኑ ፕሪንት የማድረግ ነገር ነበር።

አፕዴቱ የሚከፋፈልበት መሣሪያ ላይ ብዙ አልቆይም። ከ2005 ጀምሮ ለረጅም ጊዜ የተለመደው ዊንዶውስ ሰርቨር አፕዴት ሰርቪስስ የተባለው ነው። አንድ ሰርቨር ፋይሉን አንዴ ያወርዳል፣ ሌሎቹ ከሱ ይቀዳሉ፣ ኢንተርኔቱ አይጨናነቅም። በ2024 ማይክሮሶፍት አዲስ ነገር እንደማይጨምርበት አስታውቋል። ላፕቶፑ ከቢሮ ወጥቶ ቤት ውስጥ ስለሚውል አስተዳደሩም እንደ ኢንቱን ወዳሉ፣ በኢንተርኔት ወደሚሠሩ የክላውድ አገልግሎቶች እየዞረ ነው። ማክ ላይ የአይቲ ክፍሉ አፕዴትን ቢበዛ ለ90 ቀን ማዘግየት ይችላል። ሊኑክስ ከተባለው ኦፕሬቲንግ ሲስተም ዓይነቶች ኡቡንቱ በየሁለት ዓመቱ አምስት ዓመት የሚደገፍ ስሪት ያወጣል። ሌላው የሊኑክስ ዓይነት፣ ሬድ ሃት፣ ደግሞ አሥር ዓመት ይደገፋል፤ ሰርቨር ላይ የሚወደድበት አንዱ ምክንያትም ይኸው ነው።

እውነተኛው ጭቅጭቅ ያለው ሪስታርት ላይ ነው። አፕዴቱ ወርዶ ተጭኖ ይሆናል፤ ሪስታርት ካልተደረገ ግን ብዙውን ጊዜ ቀዳዳው እንደተከፈተ ነው። ሠራተኛው አሥራ ሁለት ፋይል ከፍቷል፣ ስብሰባ አለበት፣ "በኋላ አስታውሰኝ" የሚለውን ይጫናል። ነገም ይጫናል። "ሸት ዳውን" ብሎ፣ ክዳኑን ገጭ አድርጎ ወደ ቤቱ ይሄዳል። የአይቲ ልጅ ሲደውልለት "ትናንት ማታ አጥፍቼዋለሁ እኮ!" ይላል። ታስክ ማኔጀር ሲከፈት ኮምፒውተሩ 41 ቀን ሳይነሳ መቆየቱን ያሳያል። ሰውየው አልዋሸም። ዊንዶውስ ፋስት ስታርታፕ የሚባል ነገር ስላለው "ሸት ዳውን" ሲባል የሲስተሙን ዋና ክፍል ዲስክ ላይ አስቀምጦ ይተኛል እንጂ ከሥር አይነሳም። "ሪስታርት" ሲባል ነው በእርግጥ ከዜሮ የሚጀምረው። ይህን ለሠራተኛው በአንድ አረፍተ ነገር ማስረዳት ብዙ የስልክ ጥሪ ያስቀራል።

ስለዚህ ድርጅቶች ቀነ ገደብ ያስቀምጣሉ። ይህን ያህል ቀን ማራዘም ይቻላል፣ ከዚያ ማሽኑ በራሱ ይነሳል። ከሥራ ሰዓት ውጭ እንዲሆንም ይደረጋል። ከ2025 ጀምሮ ደግሞ የዊንዶውስ 11 ኢንተርፕራይዝ ተጠቃሚዎች ሆትፓች የተባለ አማራጭ አግኝተዋል፤ መደበኛው የደኅንነት ፓች ያለ ሪስታርት ተጭኖ፣ ግዴታው ሪስታርት በዓመት ወደ አራት ጊዜ ይወርዳል።

አፕግሬድ ሲመጣ ጥያቄው የገንዘብ ይሆናል። የዊንዶውስ 10 ድጋፍ ኦክቶበር 14 ቀን 2025 አበቃ። ዊንዶውስ 11 ቲፒኤም 2.0 የተባለ የደኅንነት ቺፕና አዲስ ትውልድ ፕሮሰሰር ስለሚጠይቅ ደህና የሚሠራ ኮምፒውተር ሁሉ አላለፈም። ላላለፉት ድርጅቱ የተራዘመ ድጋፍ መግዛት ይችላል፦ በአንድ ማሽን ለመጀመሪያው ዓመት 61 ዶላር፣ ለሁለተኛው 122፣ ለሦስተኛው 244። ከዚያ በኋላ የለም። ዋጋው በየዓመቱ እጥፍ የሚሆነው ሰው እንዲቆይበት ሳይሆን እንዲወጣ ለመግፋት ነው። አፕግሬዱ ካልተስማማ በዊንዶውስ 11 ወደ ኋላ መመለሻው በመደበኛው 10 ቀን ብቻ ነው፤ ከዚያ የድሮው ዊንዶውስ ፋይል ይጠፋል። ባክአፕ ይያዝ የሚባለውም ለዚህ ነው።

የማይነኩ ማሽኖችም አሉ። ከራጅ ማንሻ ወይም ከፋብሪካ መቁረጫ ጋር የተያያዘ ኮምፒውተር አምራቹ ካልፈቀደ አይሻሻልም። እንዲህ ያለው ከሌላው ኔትወርክ ተነጥሎ፣ ከኢንተርኔት ተቆርጦ ይቀመጣል። አደገኛው እሱ አይደለም፤ ቢያንስ ይታወቃል። አደገኛው ሥራ የለቀቀ ሰው መልሶት መሳቢያ ውስጥ የተረሳው ላፕቶፕ ነው። ሪፖርቱ ላይ ስሙ ስለሌለ አፕዴቱ መቶ በመቶ ተጠናቋል ይላል። ከስድስት ወር በኋላ አዲስ ሠራተኛ ይመጣል፣ መሳቢያው ይከፈታል፣ ላፕቶፑም ከቢሮው ኔትወርክ ጋር ይገናኛል።