«ኮሸር ዶሮ» ምንድን ነው? የዘር ስም እንዳይመስላችሁ

ሰሞኑን አንድ ሰው ቪዲዮ ላይ ሆኖ ሲያስረዳ ሰማሁት። «ኮሸር ዶሮ ማለት የድሮ ዘር ዶሮ ነው፤ እንደኛ የሐበሻ ዶሮ። የፈረንጁ በመርፌ ያደገ ስለሆነ ኮሸር አይሆንም» አለ። ይህን ስሰማ ስንተኛዬ እንደሆነ እንጃ። ዛሬስ አላልፈውም።

የምሠራው ሜሪላንድ ውስጥ አንድ አነስተኛ እርሻ ላይ ነው። የምናረባው ባርድ ፕሊማውዝ ሮክ የሚባል የድሮ ዘር ነው። ላባው ጥቁርና ነጭ መስመር አለው፤ የአገር ቤት ሰው ቢያየው ገብስማ ነው የሚለው። ከደንበኞቻችን ብዙዎቹ ኮሸር የሚበሉ አይሁዶች ናቸው። ስለዚህ «የድሮ ዘር» እና «ኮሸር» የሚሉትን ቃላት ቀኑን ሙሉ ስሰማ እውላለሁ። ራቢ (የአይሁድ የሃይማኖት መምህር) አይደለሁም። የዶሮ ሰው ነኝ።

ኮሸር ማለት በአይሁድ ሕግ ለመብል የተፈቀደ ማለት ነው። በቃ። ጣፋጭ ማለት አይደለም። ሜዳ ላይ የዋለ ማለት አይደለም። ራቢ የባረከው ማለትም አይደለም፤ እሱ ደግሞ ሌላ ራስ ምታት ነው። ቤት ውስጥ ተዘግቶበት በስድስት ሳምንት የደረሰ ብሮይለር (ለሥጋ ተብሎ የተዳቀለው የፈረንጅ ዶሮ) ኮሸር ሊሆን ይችላል። ጓሮ ውስጥ ትል እየለቀመ ያደገ የድሮ ዘር ዶሮ፣ እኔ በኩሽና ቢላዋ ካረድኩት፣ ኮሸር አይደለም። ሱቅ ውስጥ «ኮሸር» ተብሎ የሚሸጠው ዶሮ ከሞላ ጎደል ሁሉም ብሮይለር ነው።

የመርፌውንም ነገር እግረ መንገዴን ልጨርሰው። አሜሪካ ውስጥ ለዶሮ ሆርሞን መስጠት በሕግ የተከለከለ ነው። ብሮይለር ቶሎ የሚያድገው ለአሥርተ ዓመታት ተመርጦ ስለተዳቀለና መኖው ስለሚመጠንለት ነው። የሚወጋው ክትባት ነው፣ እንደ ፈንግል ላለው በሽታ። የኔዎቹ የድሮ ዘሮችም ይከተባሉ። ፈንግል ዘር አይመርጥም።

ታዲያ ዘር ጉዳዩ ውስጥ ጭራሽ አይገባም? በአንድ በር ይገባል። ሰውየው የሳታት በር ይቺ ናት።

ኦሪት ለእንስሳ ምልክት ሰጥታለች፤ ሰኮናው የተሰነጠቀና የሚያመሰኳ። ለዓሣም ክንፍና ቅርፊት። ለወፍ ግን ምልክት የላትም። ዘሌዋውያን 11 እና ዘዳግም 14 ላይ ያለው የማይበሉት ስም ዝርዝር ነው፤ ንስር፣ ጭልፊት፣ ቁራ፣ ጉጉት እያለ ይወርዳል። ታልሙድ፣ የራቢዎች የሕግ ውይይት መጽሐፍ፣ 24 ብሎ ይቆጥራቸዋል። ሌላው ይበላል ማለት ነው። ችግሩ የትኛው ስም የትኛው ወፍ እንደሆነ በዘመን ብዛት መጥፋቱ ነው። ሚሽና፣ የታልሙድ መሠረት የሆነው የሕግ ስብስብ፣ ምልክቶች አስቀመጠ፦ የማይነጥቅ፣ ትርፍ ጣት ያለው፣ አንገቱ ላይ የእህል ከረጢት ያለው፣ የመፍጫ ሆዱ የውስጥ ሽፋን የሚላጥ። (ትርፍ ጣቱን «አምስት ጣት» ብለው የሚያስተምሩም አሉ። ዶርኪንግና ሲልኪ የሚባሉት ዘሮች አዎ አምስት ጣት አላቸው፤ ግን አብዛኞቹ ሊቃውንት እንደሚሉት ነገሩ ስለ ኋለኛዋ ጣት ነው።)

ይህም አልበቃም። ሰዎች የተፈቀደ መስሏቸው ይበሉት የነበረ አንድ የረግረግ ዶሮ ኋላ ሲነጥቅ ታየ። በ11ኛው ክፍለ ዘመን ፈረንሳይ የነበረው የታልሙድ አብራሪ ራሺ ይህን አንሥቶ፣ እኛ የወፎችን ጠባይ በእርግጥ ስለማናውቅ ወፍ የሚበላው በመሶራ ብቻ ነው አለ። መሶራ ማለት ቅብብሎሽ ነው። «ይህን ወፍ አባቶቻችን ይበሉት ነበር» የሚል ያልተቋረጠ ምስክርነት።

አገር ቤት ልጅ ሲዳር የሽማግሌ ጥያቄ «ቆንጆ ናት ወይ?» አይደለም። «የማን ልጅ ናት?» ነው። አጥንት ይቆጠራል፣ እስከ ሰባት ቤት። መልኳና ቁመቷ እንደ ሚሽና ምልክቶች ናቸው፤ ደግ ነው፣ ግን አይበቃም። ቤቷን የሚያውቅ ሰው ይፈለጋል። መሶራ እንደዚያ ሰው ነው። (ምሳሌው አንድ እግሩ ያነክሳል። እኛ የምንቆጥረው ዘመድ ሆና እንዳትገኝ ነው፤ እዚህ የሚቆጠረው ዘመድ ሆና እንድትገኝ ነው። ቢሆንም ይዤው ልቀጥል።)

ተርኪ የምትባለው ትልቅ ወፍ ሳይጠየቅላት የተዳረች ሙሽራ ናት። ከአዲሱ ዓለም፣ ከአሜሪካ፣ ስለመጣች አያቶቿን የሚያውቅ አልነበረም። ሽማግሌዎቹ ነገሩን አንሥተው ሲከራከሩ እሷ የልጅ ልጅ አይታለች። ዛሬ እስራኤል ውስጥ በብዛት ትበላለች። «በኛ ቤት አትገባም» ብለው የቀሩ ጥቂት ቤተሰቦች ግን አሁንም አሉ። ሙስኮቪ በተባለው ዳክዬ ደግሞ ሽማግሌዎቹ ተጣሉ። በ1860ዎቹ እ.ኤ.አ. የኒው ኦርሊንሱ ራቢ ኢሎዊ አይበላም አለ። የለንደኑ ራቢ አድለርና የፍራንክፈርቱ ራቢ ሂርሽ ደገፉት። ሌሎች ፈቀዱ። እስከ ዛሬ አልታረቁም።

የኛን ሰውዬ የሚመስል ክርክር የተነሣው ግን ብራክል በተባለው የቤልጂየም ዶሮ ነው። ከጥቂት ዓመታት በፊት እስራኤል ውስጥ አንዳንዶች «የዛሬው ብሮይለር ከምን ከምን እንደተዳቀለ አይታወቅም፤ ንጹሑ የጥንቱ ዶሮ ይሄ ነው» ብለው ብራክልን አመጡ። ሌሎች ራቢዎች መለሱ፦ «ንጹሕ ዘርነቱን ማን ጠየቀ? እኛ ይህን ዶሮ አናውቀውም።» አያችሁ? ብራክል የዘር ሐረጓን በፍሬም ሰቅላ መጣች። ሽማግሌዎቹ ግን ወረቀት አልነበረም የሚፈልጉት፣ ጎረቤት ነበር። አሮጌ መሆንና መታወቅ ለየቅል ናቸው።

ብሮይለርስ? እዚህ ላይ ሙያዬ ዝም አያሰኘኝም። የዛሬው ብሮይለር በአባቱ በኩል ከኮርኒሽ፣ በእናቱ በኩል ከነጭ ፕሊማውዝ ሮክ የወረደ ነው። የኔ ገብስማ አክስቱ ናት! እሷን ኮሸር፣ እሱን የተከለከለ ማለት ምን ዓይነት አጥንት ቆጠራ ነው? ደግሞ የኔዋን «ጥንታዊ» ስንል እናጋንናለን። ባርድ ፕሊማውዝ ሮክ አሜሪካውያን አርቢዎች በ19ኛው ክፍለ ዘመን አዳቅለው ያወጡት ዘር ነው፤ በአሜሪካ የዘር መመዝገቢያ የገባው በ1874 እ.ኤ.አ. ነው። ራሺ አላየውም። የሐበሻ ዶሮም አንድ ዘር አይደለም። የሆሮው፣ የጃርሶው፣ የጥሊሊው፣ የቴፒው ይለያያል። ሁሉም ግን የቤት ዶሮ ነው፣ የቤት ዶሮ ደግሞ መሶራ አለው።

የድሮ ዘር ማለት ለኛ ለአርቢዎች ሌላ ነገር ነው። በራሱ ይራባል፣ ሜዳ ይችላል፣ ቀስ ብሎ ያድጋል። ለገበያ እስኪደርስ ቢያንስ 16 ሳምንት ይፈጃል። በዚያ ሁሉ ጊዜ ይበላል፣ ዋጋው የሚወደደውም ለዚህ ነው። በኔ ልምድ ለኮሸር አንድ የሚጠቅመው ነገር እግሩ ነው። ከታረደ በኋላ የእግሩ ጅማት ይታያል፤ ተበጥሶ ከተገኘ ዶሮው አይበላም። ክብደቱ አጥንቱን የቀደመ ብሮይለር እዚያ ላይ ይወድቃል። የኔዎቹ ብዙም አይወድቁም።

ላባው ግን ያስለቅሳል። ኮሸር ዶሮ ደሙ እንዲወጣ ጨው ውስጥ ከመግባቱ በፊት ፈላ ውኃ ውስጥ አይነከርም፤ ሙቀቱ ደሙን ሥጋው ውስጥ ያስቀረዋል ተብሎ። እኛ አገር ቤት ምን እንደምናደርግ ታውቃላችሁ፤ የፈላ ውኃ፣ ሳፋ፣ አምስት ደቂቃ። እዚህ ሾኸቱ፣ በአይሁድ ሕግ የሠለጠነው አራጅ፣ ስንጥቅ በሌለው ቢላዋ አርዶ ደሙን በአፈር ይሸፍናል። ከዚያ በቀዝቃዛ ውኃ እንነጫለን። ከዚያ ግማሽ ሰዓት መዘፍዘፍ፣ አንድ ሰዓት ጨው፣ ደጋግሞ ማጠብ። የ16 ሳምንት ዶሮ ላባ በቀዝቃዛ ውኃ ቶሎ አይለቅም። ነጭ ላባ ቢሆን ቀሪው አይታይም፤ የገብስማዋ ጥቁር እሾህ ግን ፈረሰኛው ላይ ቆሞ ያፈጥባችኋል።

ሳልረሳው ቅቤ። ዶሮው በትክክል ታርዶም ወጡ ውስጥ ንጥር ቅቤ ከገባ ኮሸርነቱ አበቃ። በራቢዎች ሕግ ዶሮ እንደ ሥጋ ስለሚቆጠር ከወተት ዘር ጋር አይገናኝም። የሚገርመው በሚሽና ዘመን የራቢ ዮሴ ሃገሊሊ አገር ሰዎች ዶሮን በወተት ይበሉ ነበር፤ የእሱ ሐሳብ ግን ተቀባይነት አላገኘም። እስራኤል ያሉ ቤተ እስራኤሎች ዶሮ ወጥ በዘይት ነው የሚሠሩት።

ባለፈው መስከረም አንዲት ከእስራኤል ልጃቸውን ለመጠየቅ የመጡ እናት እርሻው ድረስ መጡ። የጎንደር ሰው ናቸው። ዶሮውን አንሥተው ሲያገላብጡ ስለ ዘሩ፣ ስለ 1874፣ ስለ 16 ሳምንቱ ማብራራት ጀመርኩ። አላስጨረሱኝም።

«ልጄ፣ ያረደው ማነው?»

የሾኸቱን ስም ነገርኳቸው። ማኅተሙን አሳየኋቸው። ራሳቸውን ነቀነቁና ሁለት ዶሮ ለዩ። ከዚያ ፈረሰኛው ላይ የቀረችውን ጥቁር የላባ እሾህ በጥፍራቸው ነቅለው መዳፌ ላይ አስቀመጡልኝ።

«ይቺንስ ማን ሊነቅላት ነው?»