ማግኔት የሳበው ድንጋይና ሌሎች የኒኬል ወሬዎች

ባለፈው ለማኅበር መንዝ ስወጣ ጠላው ሳይቀዳ ወሬው ቀደመ። አንድ የማዕድን ኩባንያ ኒኬል ሊፈልግ እየመጣ ነው ተባለ። አጎቴ ከጋቢያቸው ስር ጥቁር ድንጋይ አወጡ። በሌላ እጃቸው ከተበላሸ ቴፕ ስፒከር የፈቱትን ማግኔት ይዘዋል። ሲያስጠጉት ሳብ አደረገው። «በል አንተ የተማርከው፣ ይሄ ኒኬል ካልሆነ ምንድነው?» አሉኝ።

«ማግኔት ከሳበው ኒኬል ነው»

አይደለም። የመንዝ ጥቁር ድንጋይ ባዛልት ነው፤ የዛሬ 30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ቀልጦ ፈሶ የረጋ። ውስጡ ማግኔታይት የሚባል የብረት ማዕድን ተበትኖበታል። ማግኔቱ የሳበው እሱን ነው። ወንዝ ዳር ጥቁሩ አሸዋ ውስጥ ቢያስገቡት እንደ ጺም የሚንጠለጠልበትም ያው ነው።

ጓዳ ገብቼ የስቴይንለስ ድስት አመጣሁ። ቂጡ ላይ 18/10 ይላል። ክሮሚየም 18፣ ኒኬል 10 በመቶ ማለት ነው። ማግኔቱን ጎኑ ላይ ለጠፍኩት፤ ወደቀ። ንጹህ ኒኬል ይሳባል፤ ከብረትና ከክሮሚየም ጋር እንዲህ ሲቀላቀል ግን ጠባዩ ይለወጣል። አጎቴ ድስቱን አገላብጠው አዩና «ይሄማ አጭበርባሪ ነው» አሉ።

«እንደ ኦፓል ሰብሮ ማየት ነው»

እዚሁ ሰሜን ሸዋ ያለው የመዘዞ ኦፓል፣ ያ የጌጥ ድንጋይ፣ አመላችንን አበላሽቶታል። ኦፓል ተሰብሮ፣ ታይቶ፣ ለደላላ ነው። ኒኬል ግን ከ100 ኪሎ ድንጋይ 1 ወይም 2 ኪሎ ከተገኘ ጥሩ ይባላል። ይህን የሚለየው ላቦራቶሪ ነው። አረንጓዴ ድንጋይ አይታችሁም አትሩጡ፤ አረንጓዴ የኒኬል ማዕድን ቢኖርም አረንጓዴ የመዳብ ማዕድንም አለ።

«ጉጂ ከተገኘ እኛም ጋ አይጠፋም»

በአገራችን በኒኬል የሚታወቀው ጉጂ፣ አዶላ አካባቢ ነው። እዚያ ከባዛልቱ በፊት የነበረው፣ ኒኬል ያለበት ጥንታዊ አለት ወደ ምድር ገጽ ወጥቷል። ዝናብና ሙቀት ሌላውን አጥቦ ኒኬሉን አፈሩ ውስጥ አከማችቶታል። እኛ ጋ ያ አለት ተቀብሯል። ወደ ጀማ ሸለቆ ውረዱ፤ ከባዛልቱ ስር የአሸዋና የኖራ ድንጋይ ተደርድሮ ታያላችሁ። ጥንታዊው ከዚያም በታች ነው።

ባዛልት ባለበት ፍለጋ ከንቱ ነው ማለት ግን አይደለም። ሳይቤሪያ ውስጥ ያለው ኖሪልስክ፣ ከዓለም ትልልቅ የኒኬል ቦታዎች አንዱ፣ እንደኛው ዓይነት የባዛልት ክምር ያለበት ነው።

«ቆፈሩ ማለት አገኙ ማለት ነው»

ይሄ ነው ሰፈሩን የሚያምሰው። የፍለጋ ፈቃድ ለመፈለግ እንጂ አምርቶ ለመሸጥ አይደለም። መጀመሪያ ካርታ ይሠራል፤ ከጅረትና ከማሳ አፈር ይዘገናል፤ በመሣሪያ ይለካል። ደህና ምልክት ከታየ ነው መሰርሰሪያው የሚመጣው። እሱም ድንጋዩን እንደ ዱላ ድብልብል አድርጎ ያወጣዋል። በጥልቀቱ ቅደም ተከተል ሳጥን ውስጥ ይደረደራል። ያን ሲጭኑ የሚያይ «ሀብታችንን ይዘው ሄዱ» ይላል። ናሙና ነው እኮ! ድንጋዩ 1 በመቶ ኒኬል ቢኖረው እንኳ ከአንድ ቶን 10 ኪሎ ነው። ደግሞ አብዛኛው ፍለጋ ባዶ እጁን ነው የሚመለሰው።

«መሬቱ የኔ፣ ማዕድኑም የኔ»

በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 40 መሠረት መሬትም ማዕድንም የመንግሥትና የሕዝብ ነው። ገበሬው በመሬቱ ላይ ላፈራው ንብረት ግን ካሳ ይገባዋል። አክስቴ እስካሁን ዝም ብለው ጠላ ሲቀዱ ነበር። «ታዲያ ባቄላዬን ቢረግጡብኝስ?» አሉ። ከመርገጣቸው በፊት ማሳውን ለቀበሌ ያሳዩ፣ በጽሑፍም ያስይዙ አልኳቸው። ጠላውን ትተው ወረቀት ፍለጋ ገቡ።