ግዙፍ አውሮፕላን ጥገና ሃንጋር ውስጥ እንዴት ይገባል?

ሃንጋር የአውሮፕላን መጠለያና መጠገኛ አዳራሽ ነው። ቃሉ ከፈረንሳይኛ የመጣ ሲሆን፣ መጀመሪያ ላይ ትርጉሙ ዳስ ወይም መጠለያ ብቻ ነበር። ዛሬ ስሙ ሲጠራ ብዙዎቻችን የሚታየን መሃሉ ላይ አንድም ምሰሶ የሌለው፣ የእግር ኳስ ሜዳ የሚያህል አዳራሽ ነው።

አዳራሹ ሰፊ ከሆነ አውሮፕላኑ ይገባል ብለን እናስባለን። ሁልጊዜ ግን እንደዚያ አይሆንም። ወለሉ ተርፎ አውሮፕላኑ ደጅ የሚቀርበት ጊዜ አለ። አብዛኛውን ጊዜ የሚያስቸግረው ደግሞ ጭራው ነው።

ለምን መግባት ያስፈልገዋል?

ቀላል ፍተሻ ማቆሚያው ላይ ይሠራል። ጎማ መቀየር፣ ዘይት ማየት፣ የተቃጠለ መብራት መተካት አዳራሽ አይጠይቅም። ከባዱ ጥገና ግን ሌላ ነው። በባለሙያዎቹ አጠራር ዲ ቼክ የሚባለው ትልቁ ፍተሻ ከ6 እስከ 10 ዓመት ባለው ጊዜ ውስጥ አንዴ ይመጣል። ወንበሩ፣ ምንጣፉ፣ የግድግዳው ሽፋን ሁሉ ይነሣል። የአውሮፕላኑ አጽም ስንጥቅ ወይም ዝገት እንዳለበት አንድ በአንድ ይታያል። ሥራው ሳምንታት ይፈጃል፤ ሁለት ወር የሚደርስበትም ጊዜ አለ። እንዲህ የተከፈተ አውሮፕላን ዝናብና አቧራ ሊነካው አይገባም።

ነፋስም አለ። ጎማዎቹ እንዴት እንደሚታጠፉና እንደሚዘረጉ ለመሞከር አውሮፕላኑ በጃክ ከመሬት ይነሣል። ጃክ ላይ የቆመ አውሮፕላን ነፋስ ሲገፋው ምን ሊደርስ እንደሚችል መገመት አያቅትም። ቀለምና ማጣበቂያም በልኩ የሆነ ሙቀት ይፈልጋሉ።

ሦስት ልኮች

አውሮፕላን ወደ ሃንጋር ሲታሰብ ሦስት ነገር ይለካል፦ የክንፍ ስፋት፣ ርዝመትና የጭራ ከፍታ። ቦይንግ 737-800 ከክንፍ ጫፍ እስከ ክንፍ ጫፍ ወደ 36 ሜትር ነው፤ ጭራው ደግሞ 12.5 ሜትር ገደማ ከፍ ይላል። ቦይንግ 747-400 ሲመጣ ክንፉ 64.4 ሜትር፣ ጭራው 19.4 ሜትር ይሆናል። ቦይንግ 777-300ኢአር በክንፍ ከሱ ጋር ይቀራረባል፣ በርዝመት ግን ይበልጠዋል፤ 73.9 ሜትር ነው። ኤርባስ ኤ380 ሁሉንም ያስንቃል። ክንፉ 79.8 ሜትር፣ ጭራው 24.1 ሜትር ነው። ይህ ከባለ ሰባት ፎቅ ሕንፃ ጋር የሚስተካከል ከፍታ ነው።

የኤ380 ክንፍ 80 ሜትር ሊሞላ ትንሽ የቀረው በአጋጣሚ አይደለም። አውሮፕላን ማረፊያዎች አውሮፕላኖችን በክንፍ ስፋታቸው ይመድባሉ። አንዱ ምድብ 65 ሜትር ላይ፣ ቀጣዩ 80 ሜትር ላይ ያበቃል። መሐንዲሶቹ አውሮፕላኑን የሠሩት ከዚያ ገደብ እንዳያልፍ ተጠንቅቀው ነው። ቦይንግ 777-9 ደግሞ ሌላ መላ ይዞ መጣ። ክንፉ ሲዘረጋ 71.8 ሜትር ገደማ ነው፤ መሬት ላይ ጫፎቹ ወደ ላይ ሲታጠፉ ከ65 ሜትር በታች ይወርዳል። ይህ የታሰበው በዋናነት ለማቆሚያ ቦታዎች ነው፤ ለሃንጋር በርም ግን ትልቅ እፎይታ ነው።

ወደ ጭራው እንመለስ። ችግሩ እዚህ ጋ የሚከርረው ጭራው ከወለሉ ላይ የሚይዘው ቦታ ጥቂት ስለሆነ ነው። ከአውሮፕላኑ አካል አብዛኛው ከ10 ሜትር ብዙም አያልፍም። ለዚያች ለአንዲት ቀጭን ጭራ ሲባል የአዳራሹን ጣሪያ በሙሉ ከ24 ሜትር በላይ ማንሣት ብዙ ብረት ይበላል። ቀዝቃዛ አገር ከሆነ ያንን ሁሉ አየር ማሞቅም አለ።

አንድ የሚገርመኝን ነገር ላንሣ። አንቶኖቭ 225 የተባለው ግዙፍ የጭነት አውሮፕላን ክንፉ 88.4 ሜትር ነበር፤ ከኤ380 ይሰፋል። ከፍታው ግን 18.1 ሜትር ብቻ ነበር። ለምን? መሃል ላይ በቆመ አንድ ረጅም ጭራ ፋንታ ግራና ቀኝ የተተከሉ ሁለት ጭራዎች ነበሩት። ይህን ያደረጉት የሶቭየት ኅብረትን የጠፈር መንኮራኩር ቡራንን ጀርባው ላይ ስለሚሸከም፣ ከፊት በሚመጣው የተረበሸ አየር ጭራው እንዳይናወጥ ብለው ነው። ሃንጋሩን አስበው ባያደርጉትም፣ በከፍታ በኩል ከኤ380 6 ሜትር ያህል ያነሰ አውሮፕላን ወጣላቸው። ያ አውሮፕላን እ.ኤ.አ. በየካቲት 2022 ኪየቭ አጠገብ ሆስቶሜል ላይ ባለው ሃንጋሩ እንዳለ በጦርነት ወደመ። ከዓይነቱ የበረረ ሌላ አልነበረም።

ጭራው አልገባ ሲል

የመጀመሪያው መፍትሔ ጣሪያውን ጭራው በሚቆምበት በኩል ብቻ ከፍ ማድረግ ነው። ሁለተኛው ጭራውን ደጅ መተው ነው። የበሩ መሃል በአውሮፕላኑ ወገብ ልክ ተቀርጾ ይሠራል። በሩ ሲዘጋ ወገቡን እቅፍ ያደርገዋል፤ ክፍተቱ በጎማ ወይም በሸራ ይታፈናል። ክንፉና ሞተሩ ውስጥ፣ ጭራው ውጭ ይሆናል። ጭራው ላይ ሥራ ካለ ግን ለዚያ የሚሆን ሌላ አዳራሽ መፈለግ ግድ ነው።

ሦስተኛው መላ ያው የሚዛን ጨዋታ ነው። አውሮፕላን የሚያርፈው በዋናዎቹ ጎማዎች ላይ ነው፤ ከፊታቸው የአፍንጫ ጎማ፣ ከኋላቸው ጭራ አለ። አፍንጫው ከፍ ሲል ጭራው ይወርዳል። ከዋናው ጎማ እስከ አፍንጫ ጎማና ከዋናው ጎማ እስከ ጭራ ያለው ርቀት ከተቀራረበ፣ አፍንጫው በ1 ሜትር ሲነሣ ጭራውም በ1 ሜትር ገደማ ዝቅ ይላል። በር ላይ አንዲት ስንዝር ላጣ ሰው 1 ሜትር ብዙ ነው። ዘዴው ግን ጥንቃቄ ይፈልጋል። ወደ ኋላ የተጋደለ ከባድ ነገር እየገፉ መሄድ የዋዛ ሥራ አይደለም።

አራተኛው ከአውሮፕላኑ ራሱ የሚጀምር ነው። አሜሪካኖቹ ቢ-50 የተባለውን ቦምብ ጣይ ሲሠሩ ጭራው ከቀድሞዎቹ ስለረዘመ፣ በነበሩት ሃንጋሮች እንዲገባ ወደ ጎን የሚታጠፍ አደረጉት። የመጀመሪያዎቹ ቢ-52 አውሮፕላኖችም እንዲሁ ጭራቸው ወደ ጎን ይተኛ ነበር። የመንገደኛ አውሮፕላን ላይ ይህ ብዙ አልተለመደም። መታጠፊያው ራሱ ክብደት ነው፤ ጥገናም ይፈልጋል።

የማስገባቱ ሰዓት

አሁን በሩ ተከፍቷል እንበል። አውሮፕላኑ በራሱ ሞተር አይገባም፤ ጎታች መኪና ይገፋዋል ወይም ይስበዋል። ከዚያ በፊት ወለሉ ይጸዳል። መሰላል፣ ጋሪ፣ የተረሳ ጃክ ካለ ይነሣል። የነዳጁ መጠን ይታያል። የፍሬኑ ግፊት ይለካል። የአፍንጫ ጎማውን መሪ ከሃይድሮሊኩ፣ ማለትም በፈሳሽ ግፊት ከሚያዞረው ኃይል፣ ነጻ የምታደርግ ትንሽ ፒን ቦታዋ ላይ ትገባለች። እሷ ከተረሳች መሪው ከጎታቹ ጋር ሊታገል፣ ሰው ሊጎዳም ይችላል።

አንድ ሰው ኮክፒት ውስጥ፣ ማለትም በአብራሪዎቹ ክፍል፣ ፍሬን ላይ ይቀመጣል። ሁለት ሰዎች በእግራቸው ከሁለቱ የክንፍ ጫፎች ሥር ይሄዳሉ። አንዱ ጭራውን ያያል። የቡድኑ መሪ ሁሉንም በሚያይበት ቦታ ይቆማል። ኮክፒት ውስጥ ያለው ሰው በ747 ላይ ከመሬት 9 ሜትር ገደማ ከፍ ብሎ ነው የተቀመጠው፤ ከኋላው የሚሆነውን አያይም። ስለዚህ ዓይኑ እነዚያ እግረኞች ናቸው። ፊሽካ ከተነፋ ሁሉም ይቆማል። «ምን ሆነ?» የሚባለው ከቆሙ በኋላ ነው። ፊሽካውን የነፋው ትናንት ሥራ የጀመረ ልጅ ቢሆንም ያው ነው።

ፍጥነቱ ከሰው እርምጃ አይበልጥም። የአፍንጫ ጎማው ወለሉ ላይ የተቀባችውን መስመር ይዞ ይንቀሳቀሳል። መስመሯ አውሮፕላኑ ከግራም ከቀኝም እኩል ቦታ እንዲኖረው ተለክታ የተሠመረች ናት። ከእሷ በትንሹ ማፈንገጥ ጫፍ ላይ ብዙ ይሆናል።

ልምድ የሌለውን ሰው የሚያሳስተው አንድ ነገር አለ። የትላልቆቹ አውሮፕላኖች ክንፍ ወደ ኋላ የተቀለበሰ ነው፤ የክንፉ ጫፍ ከዋናው ጎማ ኋላ ይቀራል። አውሮፕላኑ ሲዞር የሚሽከረከረው በጎማዎቹ ዙሪያ ስለሆነ፣ በውጭ በኩል ያለው ጫፍ መጀመሪያ ከነበረበት መስመር ወደ ውጭ ይወጣል። ቀጥ ብሎ ሲገፋ ግድግዳውን በሰላም የሚያልፍ ክንፍ፣ በመጠምዘዝ ላይ እያለ ሊነካው ይችላል። ከጎታቹ ላይ ሆኖ ሲያዩት ክፍተቱ በቂ ይመስላል። የክንፍ ጫፉን የሚከተለው ሰው አስፈላጊነቱ እዚህ ጋ ነው። ስለዚህ በተቻለ መጠን መጠምዘዙ ደጅ ያልቃል፤ በበሩ የሚገባው ቀጥ ብሎ ነው።

አውሮፕላኑ ቦታው ሲደርስ ጎማው ሥር ታኮ ይገባል። የተጠራቀመ ኤሌክትሪክ ካለ ወደ መሬት እንዲወርድ አካሉ በሽቦ ከመሬት ጋር ይያያዛል። ከዚያ ዶክ የሚባሉት ባለ ብዙ ደረጃ መድረኮች ከየአቅጣጫው ተገፍተው ይከቡታል። ለአንድ ዓይነት አውሮፕላን ተብለው የተሠሩ ዶኮች ልክክ ብለው ይገጥማሉ። ለሌላ ዓይነት ግን አይሆኑም፤ አንዳንድ ሃንጋር ቦታ እያለው አንድን አውሮፕላን የማይቀበለው በዚህ ምክንያት ነው።

ብዙ አውሮፕላን በአንድ ጣሪያ ሥር

አንድ ግዙፍ አውሮፕላን ብቻ የሚይዝ ሃንጋር በገንዘብ አያዋጣም። ስለዚህ ትናንሾቹ ከትልቁ ክንፍ ሥር፣ ከአፍንጫው ጎን፣ ከጭራው አጠገብ ይሸጎጣሉ። እዚህ ላይ ዋናው ጥያቄ ማን ቀድሞ ይወጣል የሚለው ነው። መጨረሻ የሚወጣው ከውስጥ፣ ቶሎ የሚወጣው ከበሩ አጠገብ ይቆማል። በሩ ላይ ያለው አንድ ዕቃ ጠፍቶለት ከዘገየ፣ ከኋላ ያለቀለትም አብሮ ይታሰራል።

ሕንፃው ራሱ

መሃል ላይ ምሰሶ መትከል አይቻልም። ጣሪያው ከዳር እስከ ዳር በራሱ መቆም አለበት። ከዚህ በኩል በጣም የምወደው ምሳሌ፣ 747 ገና አዲስ በነበረበት ጊዜ አሜሪካን ኤርላይንስ ሳን ፍራንሲስኮና ሎስ አንጀለስ ላይ ያሠራቸው ሱፐርቤይ የተባሉ ሃንጋሮች ናቸው። መሐንዲሱ ሌቭ ዜትሊን የሥራ ክፍሎቹን መሃል ላይ አቆመ፤ ጣሪያውን ደግሞ ከዚያ ተነሥቶ በሁለቱም ወገን ወደ 70 ሜትር ገደማ እንደ ክንፍ እንዲዘረጋ አደረገ። በበሩ በኩል አንድም ምሰሶ የለም። እያንዳንዱ ሃንጋር አራት 747 ይይዛል።

በሩ የራሱ ጣጣ አለው። በሐዲድ ላይ የሚንሸራተቱ ክንፎች ወይም ወደ ላይ የሚጠቀለል ጠንካራ ሸራ ሊሆን ይችላል። ትልቁ ጭንቅ ነፋስ ነው። በሩ ክፍት እያለ የገባ ነፋስ መውጫ ስለሚያጣ ጣሪያውን ወደ ላይ ይገፋዋል። ጣሪያው ከላይ ብቻ ሳይሆን ከታች የሚመጣውንም እንዲችል ተሰልቶ ይሠራል።

እሳትም ሌላው ስጋት ነው። የነዳጅ እንፋሎት ከአየር ስለሚከብድ ወለል ላይ ይተኛል፤ ስለዚህ የኤሌክትሪክ ሶኬቶች ከወለሉ ከፍ ተደርገው ይገጠማሉ። ብዙ ሃንጋሮች አዳራሹን በደቂቃዎች የሚሞላ የእሳት ማጥፊያ አረፋ አላቸው። አረፋው ግን ራሱ አደገኛ ነው። እ.ኤ.አ. በጥር 2014 ፍሎሪዳ ውስጥ በኤግሊን አየር ኃይል ሰፈር እሳት ሳይነሣ አረፋው ተለቅቆ አንድ ሰው ሞቷል።

ሲወጣ

የገባው አውሮፕላን ሲወጣ ቁመቱ ያው ላይሆን ይችላል። ነዳጁ ከውስጡ ከወጣለት ቀሎ በጎማ እግሮቹ ላይ ከፍ ይላል። ከክንፉ ሥር ሞተር ከተነሣለት ደግሞ ክብደቱ ወደ ኋላ ይሸሻል፤ አፍንጫው ይቀላል፣ ጭራውም መሬት ሊመታ ይችላል። ይህን ለመከላከል በሞተሩ ቦታ የሚመዝን ብረት ይንጠለጠልለታል። ስለዚህ ልምድ ያላቸው ቡድኖች የመግቢያውን ልክ አምነው በሩን አይከፍቱም። ጭራውንና የበሩን ጉበን እንደገና ይለካሉ፤ ከዚያ ነው ጎታቹ የሚነሣው።