የጸሎት አገልግሎት በወንጌላውያን አብያተ ክርስቲያናት

በኢትዮጵያ ወንጌላውያን አብያተ ክርስቲያናት የጸሎት አገልግሎት ብዙ ጊዜ እንደ መዘምራን ራሱን የቻለ ክፍል ነው። የራሱ አስተባባሪ አለው፤ ተጠሪነቱም ለሽማግሌዎች ወይም ለመጋቢው ነው። መድረክ ላይ የሚቆመውን ዘማሪ ሁሉም ያውቀዋል። እሁድ ጠዋት ፕሮግራሙ ሳይጀመር ገብተው የሚማልዱትን ግን የሚያውቃቸው ጥቂት ሰው ነው።

የጾም ጸሎት፣ የማለዳ ጸሎትና አዳር የተለመዱት መርሐ ግብሮች ናቸው። በተለይ አዳር ሲጀመር ይሞቃል። ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን ግን ጋቢ ውስጥ የሚያንቀላፋው ይበዛል፤ ያኔ መዝሙር ካልተነሳ ነገሩ አለቀ። ጀማሪ አጥቢያዎች ብዙ ጊዜ የሚሳሳቱት እዚህ ላይ ነው። በአንድ ወር ሁሉንም ይጀምሩና በሦስተኛው ወር አስተባባሪው ብቻውን ይቀራል።

ሰንሰለት ጸሎት ለዚህ ጥሩ መላ ነው። ሰዓቱ ይከፋፈላል፤ እያንዳንዱ ሰው በተራው፣ ባለበት ሆኖ ይጸልያል። በጀርመኗ ሄርንሁት የሞራቪያ (በዛሬዋ ቼክ ያለ አካባቢ) ክርስቲያኖች እ.ኤ.አ. በ1727 የጀመሩት ጸሎት የሚታወቀው በዚህ ነው። 24 ወንዶችና 24 ሴቶች ሰዓቱን ተካፈሉት፤ ጸሎቱም ከመቶ ዓመት በላይ ዘለቀ። ግለት ብቻውን መቶ ዓመት አይሄድም። የአንዱ ሰው ድርሻ በቀን አንድ ሰዓት ብቻ መሆኑ ነው ያቆየው፤ ቢያንስ እኔ እንደዚያ አምናለሁ።

በጸሎት ለመጽናት የአገራችን ትልቁ ምሳሌ የመሠረተ ክርስቶስ ቤተ ክርስቲያን ናት። በ1974 ዓ.ም. ደርግ ዘጋት፤ ንብረቷን ወረሰ፣ መሪዎቿንም አሰረ። ምእመናኑ በየቤቱ በትንንሽ ቡድን፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው መጸለይና መማር ቀጠሉ። በዚህ ሥራ የሴቶች ድርሻ ትልቅ ነበር። ስትዘጋ 5,000 ገደማ የነበሩት አባላት ደርግ ሲወድቅ ከ30,000 በላይ ሆነው ተገኙ። የዛሬው የቤት ኅብረት አሠራር ከዚያ ዘመን ብዙ ወርሷል።

አገልግሎቱን ቶሎ የሚያፈርሰው ግን ስደት ሳይሆን ወሬ ነው። አንዲት እህት የትዳሯን ችግር "ጸልዩልኝ" ብላ ትናገራለች። በማግስቱ ሰፈሩ ሁሉ ይሰማል፣ ያውም "ለጸሎት ያህል ነው የምነግርሽ" እየተባለ። ከዚያ በኋላ ማን አፉን ይከፍታል? ስለዚህ የጸሎት ርዕስ ሲቀበሉ ስምና ዝርዝር አለመጻፍ፣ በተለይ ቴሌግራም ላይ አለመለጠፍ ይበጃል። ጸሎቱ ሲመለስ ደግሞ ባለጉዳዩ ከፈቀደ ምስክርነቱን ማሰማት ቡድኑን ያበረታል። ሁሉም ነገር ስጦታ አለው በሚባል አንድ ሰው ላይ ከተንጠለጠለ ግን እሱ የሄደ ዕለት ቡድኑም ይበተናል።

በውጭ አገር ያሉ ማኅበረ ምእመናን ብዙ ጊዜ የሚጸልዩት በስልክ ነው። በአሜሪካ ሌሊት ፈረቃ የሚገባ አለ፤ በዓረብ አገር ከአሠሪ ቤት መውጣት የማትችል አለች። በአንድ መስመር ይገናኛሉ። አስተባባሪው ግን "ወገኖች፣ እባካችሁ ማይካችሁን አጥፉ" ሳይል አንድም ጸሎት አይጀመርም።