ስታፎርድ ጋምቢት ላይ የሰለቹኝ ወሬዎች

ቅዳሜ ቼዝ የምንጫወትበት ካፌ አንዱ ልጅ ሦስተኛው ሙቭ ላይ ፈረሴን ሲ6 ሳወጣ አየና ሳቀ፣ "ኢንጂኑ (ቼዝ የሚያሰላው ፕሮግራም) እኮ ነጭ አሸናፊ ነው ይላል፣ ምን ያደክምሃል" አለኝ። ይቺን ነገር ስንቴ ሰማኋት!

ለማያውቀው፦ ጋምቢት ማለት ለጥቃት ብለህ ፓውን የምትሰጥበት አጀማመር ነው፣ ስታፎርድ ደግሞ እንዲህ ይሄዳል። ነጭ ኢ4፣ ጥቁር ኢ5፣ ፈረስ ኤፍ3፣ ፈረስ ኤፍ6፣ እስከዚህ ፔትሮቭ የሚባለው ኦፕኒንግ (አጀማመር) ነው። ነጭ ኢ5 ላይ ያለውን ፓውን ሲበላ ግን ጥቁር ዝም ብሎ ሌላኛውን ፈረስ ሲ6 ያወጣል። ነጭ ያንን ፈረስ ይበላል፣ ጥቁር በዲ ፓውኑ መልሶ ይበላል። አንድ ፓውን ጎድሎታል፣ በምትኩ ሁለቱም ቢሾፖችና ንግስቷ መንገዳቸው ተከፍቷል።

"የዩቲዩብ ፈጠራ ነው" የሚሉ አሉ። አይደለም፣ ስሙ የመጣው በፈረንጆች 1950 ስታፎርድ የሚባል ሰው በደብዳቤ ተጫውቶ ካሸነፈበት ጌም ነው፣ ዩቲዩበሩ ቼዝ ተጫዋች ኤሪክ ሮዘን አራገበው እንጂ አልፈጠረውም።

"እያሸነፍኩበት ነው፣ ስለዚህ ጤነኛ ኦፕኒንግ ነው።" ኧረ በናትህ! ጤነኛ አይደለም፣ ረጅም ሰዓት ባለው ውድድር እንዳትሞክረው።

"ትራፑን ከሸመደድክ በቃ።" ነጭ ትራፑ ውስጥ ካልገባስ? ኤች ፓውንህን ገፍተህ፣ በንግስት በኩል ካስል አድርገህ (ንጉሡን ወደዛ አሽሽተህ) ማጥቃት ካልቻልክ አንድ ፓውን የጎደለህ ሰው ብቻ ነህ።

አሁን ወደዛ ልጅ። ኢንጂኑ ለነጭ ወደ ፕላስ ሁለት (የሁለት ፓውን ያህል ብልጫ) ይሰጣል፣ እኔም ስልኬ ላይ አለ፣ አይቼዋለሁ። ግን ጠረጴዛው ላይ የተቀመጠው ኢንጂኑ አይደለም። "እሺ ነጩን ያዝ" አልኩት። መጀመሪያ ላይ የጻፍኳቸውን ሙቮች ተጫወትን፣ ከዛ ዲ3 ተጫወተ፣ ቢሾፔን ሲ5 አወጣሁ። ፈረሴን ንግስቴ ላይ ፒን ላድርግ (ከፊቷ እንዳይነቃነቅ ልሰር) ብሎ ቢሾፑን ጂ5 አመጣ፣ ማንም የሚያመጣው ሙቭ ነው። በዛው ፈረስ ኢ4 ያለውን ፓውን በላሁ። ልጁ ፈገግ ብሎ ንግስቴን በላት። ቢሾፔ ኤፍ2 ያለውን ፓውን በላ፣ ቼክ፣ ንጉሡ ከኢ2 ሌላ መሄጃ የለውም፣ ሁለተኛው ቢሾፕ ጂ4፣ ማት። ማኪያቶው እንኳን አልቀዘቀዘም።

እንዲህ ዓይነት ጋምቢት ስታጠና ፕላስ ስንት ነው ብለህ አትጠይቅ፣ ነጭ ስንት ትክክለኛ ሙቭ በተከታታይ ማግኘት አለበት፣ እነሱስ ለዓይን ይመጣሉ ወይ ብለህ ጠይቅ። ሊቼስ የሚባለው የቼዝ ድረ ገጽ ላይ ኦፕኒንግ ኤክስፕሎረሩን ክፈት፣ ሬቲንጉን (የተጫዋቾቹን ደረጃ) አንተ ወዳለህበት አውርደው፣ ሰው በትክክል የሚጫወተውን እይ፣ በነጻ ነው እኮ! እዚህ ጋ መድኃኒቱ ቢሾፕ ኢ2 ነው፣ ከዛ ሲ3 እና ዲ4፣ ያኔ ሲ5 ላይ ያለው ቢሾፔ በሩ ይዘጋበታል። አሰልቺ ሙቮች ናቸው፣ ሰው ደግሞ ፓውን በልቶ አሰልቺ መጫወት አይወድም።

በቀጣዩ ቅዳሜ ልጁ መጣና ሳይጠየቅ ነጩን ያዘ። ዲ3። ቢሾፕ ሲ5። ቢሾፕ ኢ2 ተጫወተና ቀና ብሎ አየኝ። እጅ ስሰጥ ሰሌዳውን ፎቶ አነሳው።