«ሁለት እግር አለኝ ተብሎ ሁለት ዛፍ ላይ አይወጣም» ሲባል

ለአንድ ሰዓት ሁለት ቀጠሮ የያዘ፣ የሁለት ሰው አደራ ባንድ ጠዋት ተቀብሎ ሁለቱንም ያስቀየመ፣ ስልክ እያናገረ ክፍያ የፈጸመና ደረሰኙን መስኮቱ ላይ ትቶ የሄደ ሰው ይህን አባባል መስማቱ አይቀርም። አንዳንዱ «ሁለት እግር አለኝ ብሎ ሁለት ዛፍ አይወጣም» ይለዋል፤ ሐሳቡ ያው ነው። አቅም ስላለ ብቻ ሁለት ነገር ባንድ ጊዜ አይያዝም ማለት ነው።

ምሳሌው የተወሰደው ዛፍ ከሚወጣ ሰው አካል ነው፤ ጥርት ብሎ የሚገባውም አወጣጡን በደንብ ላየ ሰው ነው። ዛፍ የሚወጣ ሰው አራት መያዣ አለው፦ ሁለት እጅና ሁለት እግር። በጥንቃቄ የሚወጣ ሰው ሦስቱን አጥብቆ አንዱን ብቻ ያንቀሳቅሳል። አንደኛው እግር ክብደቱን ሲሸከም ሌላው ቀጣዩን መርገጫ ይፈልጋል፣ ከዚያ ተራ ይለዋወጣሉ። ስለዚህ እግሮቹ ቁጥራቸው ሁለት ይሁን እንጂ ሥራቸው አንድ ነው። አንደኛውን እግር ወደ ጎረቤቱ ዛፍ የዘረጋ ሰው ክብደቱ በሁለቱ ግንዶች መካከል ባዶ ቦታ ላይ ይንጠለጠላል። ቅርንጫፎቹ ደግሞ በነፋስ እኩል አይወዛወዙም፤ አንዱ ሲቀርብ ሌላው ይርቃል። ያ ሰው ወደ ላይ መውጣት አይችልም፣ መውረዱም ያስቸግረዋል። የአባባሉ ቀልድ ያለው ሒሳቡ ላይ ነው፦ ሁለት እግር ለሁለት ዛፍ ሲካፈል አንድ አንድ ይደርሳል፤ በአንድ እግር ግን ዛፍ አይወጣም።

ብዙ ሰው የሚስተው ግን እዚህ ላይ ነው። አባባሉ እየሠራ ለሚማር ወይም ሁለተኛ ሙያ ለጀመረ ሰው እንደ መገሠጫ ሲወረወር ይሰማል። ይህ አላግባብ ነው። ሁለት ዛፍ በሕይወት ዘመን አይወጣም አላለም፤ ባንዴ አይወጣም ነው ያለው። ከአንዱ ወርዶ ሌላውን መውጣት ይቻላል። የሚዘነጋው ወጪም መውረዱ ነው፤ ዕቅድ ስናወጣ መውጣቱን እንቆጥራለን፣ መውረዱን አንቆጥርም።

ጉዳይ የበዛበትን ተራ ቀን እንውሰድ። አምስት ቦታ መድረስ ያለበት ሰው ቅደም ተከተሉን በ120 መንገድ ሊደረድረው ይችላል፤ አንድ ቦታ ሲጨመር 720 ይሆናል። ሁሉንም ማመዛዘን አያስፈልግም፤ አብዛኛውን የሚጥሉ ጥቂት ጥያቄዎች አሉ። መጀመሪያ፣ የትኛው ነው በሰዓት የሚዘጋው? ቀጥሎ፣ የትኛው ጉዳይ የሌላውን ውጤት ይጠብቃል? ማኅተም የሚፈልግ ወረቀት ካለ ቅጂው ከማኅተሙ በፊት ይነሳ ወይስ በኋላ የሚለው ቀድሞ ካልተጠየቀ ያው መስኮት ጋ ሁለት ጊዜ መሰለፍ ይመጣል። ከባድ ዕቃና የሚበላሽ ነገር መጨረሻ ላይ ይገዛል፤ ጠዋት ከተገዛ ቀኑን ሙሉ አብሮ ይዞራል። ብዙዎች ግን ቅርብ ከሆነው ይጀምራሉ፣ የሚዘጋውም ከመድረሳቸው በፊት ይዘጋል።

ሰዓት ሲገመት የሚወድቀውም የመውረዱ ጊዜ ነው። ወረፋው፣ ደረሰኝ እስኪጻፍ፣ መልስ እስኪዘረዘር፣ «ኃላፊው አሁን ይመጣሉ» የሚባለው ቆይታ በአእምሯችን ዝርዝር ውስጥ አይገባም። የሥነ ልቦና ተመራማሪዎቹ ዳንኤል ካነማን እና አሞስ ትቨርስኪ በ1979 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር የዕቅድ ስህተት ብለው የሰየሙት ዝንባሌ ይህ ነው፦ ሰው ተመሳሳይ ሥራ ከዚህ ቀደም ስንት ጊዜ እንደፈጀበት እያወቀ እንኳ አዲሱን ሲገምት ሁሉም ነገር የሚቀናበትን መንገድ ያስባል። መድኃኒቱ ቀላል ነው፤ ባለፈው ጊዜ የፈጀውን ሰዓት መጻፍና እሱን መያዝ። ከአራት ጉዳይ በኋላ ለአንድ ጉዳይ የሚበቃ ባዶ ጊዜ መተውም ከስንፍና አይቆጠርም።

ታዲያ «በአንድ ድንጋይ ሁለት ወፍ» የሚባለውስ? ሁለቱ አባባሎች የሚጣሉ ይመስላሉ እንጂ አይጣሉም፤ ወፎቹ አንድ ቅርንጫፍ ላይ ካረፉ ድንጋዩ ይበቃል። መለያው ይህ ነው፦ የመጀመሪያው ጉዳይ ቢዘገይ ሁለተኛው ይፈርሳል? የማይፈርስ ከሆነ፣ መንገዱም አንድ ከሆነ፣ እውነትም እግረ መንገድ ነው። ቁልፍ ለጎረቤት አቀብሎ ማለፍ እግረ መንገድ ነው። «እግረ መንገድህን ቅጹን ሙላልኝ» ግን አይደለም፤ ቅጹ ጥያቄ አለው፣ ጥያቄው መታወቂያ ይጠይቃል፣ መታወቂያው ደግሞ የባለቤቱ እጅ ላይ ነው። «እግረ መንገድህን» ብዙ ጊዜ ዛፉን ቅርንጫፍ አስመስሎ የማሸከሚያ የልመና ቃል ነው። የተላከ ሁሉ ያውቀዋል።

ከዚያ ደግሞ ማንም ያላቀደው ዛፍ አለ፦ መንገድ ላይ ድንገት የሚገኝ ሰው። ለረጅም ጊዜ ያልተያየ ወዳጅ ሲያስቆም ደኅና መንገድ ሁለት ብቻ ነው። ወይ ሙሉ በሙሉ መቆም፣ ወይ «ቸኩያለሁ፣ ማታ ሁለት ሰዓት ላይ እደውላለሁ» ብሎ መሄድና በሰዓቱ መደወል። ሰዓት ያልተቆረጠለት «እንደዋወላለን» ስንብት እንጂ ቀጠሮ አይባልም። ሦስተኛው መንገድ ብዙዎቻችን የምንመርጠው ነው፦ እግር ወደ ፊት ዞሮ፣ ዓይን ሰዓት ላይ ሆኖ፣ አፍ «እሺ፣ እሺ» ሲል። በዚያ ሁኔታ ጨዋታውም አይጥም፣ ጉዳዩም አይደርስም። ሰውየው የሕመም ወይም የሐዘን ወሬ ይዞ ከሆነ ደግሞ ምርጫው ያበቃል፤ የሚጠብቀው ቦታ ጋ ደውሎ «እዘገያለሁ» ማለትና አጠገቡ መቆም ነው።

ቤት ሲደረስ ነገሩ ረቀቅ ይላል፤ ምክንያቱም አካል ወርዶ ልብ ዛፉ ላይ ሊቀር ይችላል። ተመራማሪዋ ሶፊ ለሮይ በ2009 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ባሳተመችው ጥናት ሰው ከአንድ ሥራ ወደ ሌላ ሲሻገር፣ በተለይ የመጀመሪያውን ሳይቋጭ ከተሻገረ፣ ትኩረቱ በከፊል እዚያው እንደሚቀርና አዲሱን ሥራ እንደሚጎዳ አሳይታለች። በዚያው አቆጣጠር በ2018 ከሥራ ባልደረባዋ ጋር ባወጣችው ሌላ ጥናት ደግሞ የተቋረጠው ሥራ የት እንደደረሰና ከየት እንደሚቀጥል በአጭሩ መጻፍ ጉዳቱን እንደሚቀንስ ታይቷል። ለቤተሰብ ሲተረጎም፦ በር ከመክፈት በፊት ያላለቀውን ጉዳይ ባንድ መስመር መጻፍ። «ነገ ጠዋት፣ ሁለተኛው መስኮት፣ ቅጂው ቦርሳ ውስጥ» ይበቃል።

እዚህም ላይ ማጋነን አያስፈልግም። ልብስ እያጠፉ ከልጅ ጋር ማውራት ሁለት ዛፍ አይደለም፤ እጅ የለመደውን ይሠራል፣ ጆሮና አፍ ነፃ ናቸው። መልእክት እያነበቡ ልጁን መስማት ግን አይሆንም፤ ሁለቱም ቃል መረዳትን ስለሚጠይቁ ለአንድ ትኩረት ይሽቀዳደማሉ። ልጆች ይህን ቶሎ ይለያሉ፤ ያው ጥያቄ ሦስት ጊዜ ከተደገመ መልሱ አልደረሳቸውም ማለት ነው።

አባባሉን ለመጠቀም፦ ለታላቅ ፊት ለፊት ቢወረወር ስድብ ይመስላል። የተሻለው ለራስ ማድረግ ነው፤ አንድ ተጨማሪ አደራ ሲመጣ «እንግዲህ ሁለት እግር አለኝ ተብሎ…» ብሎ መተው። ቀሪውን ሰሚው ይጨርሰዋል፤ እምቢታውም ሻካራ አይሆንም። «የቸኮለ አፍሶ ለቀመ» ከሚለው ጋርም መምታታት የለበትም። ያኛው አንድ ነገር ይዞ የሮጠውን ይነካል። ይሄኛው ቀስ ብሎም ቢሆን ሁለት ቦታ የረገጠውን ነው።