የእሳተ ገሞራ ቅስት ምንድን ነው?

ጎጃም ገጠር ያደገ ሰው ምንጭ ሲፈልግ ዝም ብሎ አይዞርም። አንዱን ካገኘ በተራራው ወገብ በዚያው ከፍታ ይዞ ይሄዳል። ብዙ ጊዜ ሁለተኛውና ሦስተኛው እዚያው መስመር ላይ ናቸው። ከሥር ውሃ የማያሳልፍ ዐለት አለ፤ የሰረገው ዝናብ እሱ ጋ ሲደርስ ወደ ጎን ይወጣል። ምንጮቹ የተደበቀውን ዐለት ያሳብቁበታል።

እሳተ ገሞራዎችም እንዲህ የሚሰለፉበት ቦታ አለ። የጃፓንን ወይም የኢንዶኔዥያን እሳተ ገሞራዎች ካርታ ላይ በነጥብ ምልክት አድርጉ። ነጥቦቹ ጎበጥ ያለ መስመር ይሠራሉ። የእሳተ ገሞራ ቅስት የሚባለው እሱ ነው።

የምድር የላይኛው ጠንካራ ንጣፍ ቴክቶኒክ ፕሌት በሚባሉ ግዙፍ የዐለት ሰሌዳዎች የተከፋፈለ ነው። ከቅስቱ ሥር የውቅያኖስ ወለል የሆነ ፕሌት ሌላ ፕሌት ሥር እየገባ ነው። ሰብዳክሽን ይሉታል። ፍጥነቱ በዓመት ጥቂት ሴንቲሜትር ነው።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ጋ ነው፤ እኔም ተሳስቼ ነበር። የሚሰምጠው ፕሌት ራሱ ቀልጦ የሚወጣ ይመስለናል። እሱ ግን ከአካባቢው ቀዝቃዛ ነው። ዋናው ነገር በማዕድኖቹ ውስጥ ይዞት የሚወርደው ውሃ ነው። ወደ ታች ሲወርድ ግፊቱና ሙቀቱ ውሃውን ያስለቅቁታል። ውሃው ከላይ ወዳለው ትኩስ ማንትል፣ ማለትም ከምድር ቅርፊት በታች ወዳለው ወፍራም የዐለት ንጣፍ፣ ይገባል። ውሃ ያገኘ ዐለት ደግሞ ከደረቁ ባነሰ ሙቀት ይቀልጣል። እሳቱን የሚያስነሳው ውሃ ነው ማለት ነው፤ ነገሩ ግር ቢልም።

ፕሌቱ አብዛኛውን ጊዜ ከእሳተ ገሞራዎቹ በታች 100 ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ ይገኛል። ስለዚህ ተራሮቹ ፕሌቱ መስመጥ ከሚጀምርበት የውቅያኖስ ጥልቅ ቦይ ያላቸው ርቀት ብዙ ይናገራል። ፕሌቱ ቀጥ ብሎ ከወረደ ቅስቱ ለቦዩ ይቀርባል፤ ተንጋሎ ከሄደ ይርቃል። ፔሩ ውስጥ ፕሌቱ ጭራሽ አግድም ሊሆን ምንም የማይቀረው ቦታ አለ። እዚያ በመቶዎች ኪሎ ሜትር የሚቆጠር ርቀት ላይ አንድም ንቁ እሳተ ገሞራ የለም። ሰብዳክሽኑ አልቆመም፤ በሁለቱ ፕሌቶች መካከል ለትኩሱ ማንትል ቦታ አልተረፈለትም እንጂ። ለእኔ ከተሰለፉት ተራሮች ይልቅ ይህ ክፍተት ይገርመኛል።

ታዲያ የእኛው የጎጃሙ ጮቄ ተራራስ? ከ4,000 ሜትር በላይ ከፍታ ያለው ጮቄ የዛሬ 22 ሚሊዮን ዓመት ገደማ የነበረ እሳተ ገሞራ ነው። ግን ከሥሩ የሚሰምጥ ፕሌት አልነበረም፤ ሙቀቱ ከጥልቅ ማንትል ወደ ላይ የመጣ ነው። ስለዚህ ቅስት አትፈልጉለት። ቅርጹም ይለያል። ቅስት ላይ ያለው የጃፓኑ ፉጂ ሾጠጥ ያለ ነው። የጮቄ ቅልጥ ዐለት ግን ቀጭን ስለነበር ምጣድ ላይ እንደፈሰሰ ሊጥ ሰፋ ብሎ ተዘረጋ።